በካርቱም አዳራሽ ስለታየው የቲማቲም ድልሃችን

ለተከበሩ አቶ ባዬ፣
የወረዳችን የገጠር ሥራ ፈጠራ ኃላፊ፤

አሰላሙ ዐለይኩም እያልኩ፣ ከካርቱም ሙቀት ተርፈው በደህና ቢሮዎ እንደገቡ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ደብዳቤ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ አላህ ጤናዎን ይጠብቅልኝ።

ዘሊካ ሳሊህ እባላለሁ፤ እዚሁ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ውስጥ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ወር በአንድ ጁምዓ አሠሪዬን መዳሜን አስፈቅጄ፣ እዚሁ ካርቱም ሪያድ ሰፈር ባለው አዳራሽ «ገበሬ ሥራ ፈጣሪ ሲሆን የገጠር ድህነት ይቀንሳል» እያሉ ሲያስተምሩን ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁዎት። ንግግርዎ እውነት ነው። እውነትነቱን ከእርስዎ ቀድሜ ስለማውቅ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ወሎ ሳለን እኔና አራት ጎረቤቶቼ በማኅበር ሆነን፣ ገበያ አጥቶ የሚጣለውን ቲማቲም ድልህ እያደረግን በመሸጥ ልጆቻችንን ክረምቱን ሳይራቡ አሳለፍናቸው። እርስዎም ሊጎበኙን መጥተው፣ ከጠርሙሶቻችን ጋር ፎቶ ካነሱን በኋላ፣ «ገበሬ ያርሳል፣ ነጋዴ ይነግዳል» ብለው የምንሠራበትን ቤት አሳሸጉት። ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ።

፪. «ለጊዜው» ብለው የወሰዱት የውኃ ፓምፓችን በአማችዎ የጫት ማሳ ላይ ሥራ ስላላጣ ደስ ብሎኛል።

፫. እኔና ከአራቱ ጎረቤቶቼ አንዷ ኒዕማ በመተማ በኩል ተሰደድን። ልጄን ለእናቴ ትቼ መጣሁ፤ አሁን ድምፄን በስልክ ስትሰማ «ማን ናት?» ትላለች። ለዚህ የሚሆን ምስጋና አላገኘሁም።

ያንን ፎቶ የቢሮዎ ፍሬ ነው ብለው በአዳራሹ ሲያሳዩ ግን ተነሣሁ። «ከግራ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ» አልኩ። «እህቴ፣ ጥያቄ በኋላ» አሉኝ። አጠገቤ የነበረችው ኒዕማም «ሦስተኛዋ እኔ ነኝ» ብላ ቆመች። የሆነውን ሁሉ ተናገርን። ለቢሮዎ እርዳታ ሊሰጡ የመጡት የጀሪፍ ሰፈሩ ነጋዴ አቶ ጥዑመልሳን «እውነት ነው?» ብለው ቢጠይቁዎት፣ እርስዎ «ውኃ ልጠጣ» ብለው በጓሮ በር ወጡ። እስካሁን አልጠጡ ከሆነ አዝናለሁ።

አቶ ጥዑመልሳን እርዳታውን መንደር ለቀሩት ሦስት የማኅበራችን ሴቶች በየስማቸው ላኩት። እኛም አቤቱታችንን ለዞኑ ላክን። እሽጉ በዞኑ ትእዛዝ ትናንት ተነሥቷል፤ አማችዎም ፓምፑን በጀርባቸው ተሸክመው መልሰዋል አሉ። እኔም ኢንሻላህ አገሬ ገብቼ ለፋሲካ ማግስት ገበያ እደርሳለሁ።

ለሹመትዎ ሳይሆን ለዝውውርዎ ዱዓ የማደርገው፣
ዘሊካ ሳሊህ፣ ከካርቱም

ማሳሰቢያ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ልደት ከማኅበራችን ጋር ለመሥራት ጠይቀው በደስታ ተቀብለናቸዋል። የእርስዎን ፈቃድ አልጠየቁም፤ ድልህ ሲፈልጉ ግን ከእሳቸው መግዛት ይችላሉ።