ልጄን ወደ ጎርፉ ስለሸኙልኝ

ይድረስ ለክቡር ርእሰ መምህር ለአቶ ሣህሉ
ከደቻቱ ወንዝ ማዶ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ቢሮዎ ደረቅ፣ ቤተሰብዎም በአንድ ጣሪያ ሥር የተሰበሰበ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

ሸርሚን እባላለሁ፤ የአንደኛ ክፍሏ የታስኒያ እናት ነኝ። እርስዎ «ህንዷ» እያሉ ይጠሩኛል፤ አገሬ ግን ባንግላዴሽ ነው። ባለቤቴ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ከመጣን ወዲህ የምንኖረው እዚህ ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ነው። አማርኛ ያስተማረኝ ገበያው ነው፤ የዚህን ደብዳቤ ፊደል ያቃናችልኝ ጎረቤቴ ትርንጎ ናት። ንዴቱ ግን የራሴ ነው፤ ፍርሃቱም። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ ልጅ ማሳደግ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በየእረፍቱ ምሳ ዕቃ ይዤ እየመጣሁ ልጄን በእጄ አጎርሳት ነበር። እርስዎም ቢሮዎ አስጠርተው «እዚህ አገር ልጅ እንዲህ አይያዝም፤ ለቀቅ አድርጊያት እንጂ!» አሉኝ። አፈርኩ። በሰው አገር ልጅ የምታሳድግ ሴት «አታውቅም» መባልን ምን ያህል እንደምትፈራ እርስዎ ሊያውቁ አይችሉም። ስለዚህ ለቀቅኳት። ከሰፈር ልጆች ጋር ደርቆ የከረመውን የወንዝ አሸዋ አቋርጣ እንድትሄድና እንድትመለስ ፈቀድኩ። እኔ ግን ዩኒፎርሟ ከዓይኔ እስኪጠፋ በረንዳ ላይ ቆሜ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ እል ነበር።

ሁለተኛ፦ የስልክ ቁጥሬን ከመመዝገብ ድካም ራስዎን ስላዳኑ አመሰግናለሁ። የአባቷ ይበቃል አሉ። አባቷ ፋብሪካ ሲገባ ስልኩን በር ላይ እንደሚያስረክብ ነገርኩዎ፤ «ችግር የለም» አሉኝ። እውነትም ለእርስዎ ችግር አልነበረውም።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ይላል፤ ይታገሱኝ።

በዚያ ማክሰኞ ድሬ ላይ ጠብታ አልወረደም፤ ዝናቡ የጣለው ከላይ ተራሮቹ ላይ ነበር። ጎርፍ ሊመጣ ይችላል የሚል ወሬ ሲሰማ እርስዎ ጥንቃቄ ስለሚወዱ ልጆቹን በሙሉ ከግቢ አስወጥተው በሩን ዘጉ።

እኔ ልብስ አሰጣ ነበር። መጀመሪያ የከባድ መኪና ድምፅ መሰለኝ። ወዲያው ሰፈሩ ሁሉ «ደቻቱ መጣ!» እያለ ይሮጥ ጀመር። እኔ ያደግኩት ውኃ በሚበዛበት አገር ነው፤ ድምፁን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ባዶ እግሬን ወንዙ ዳር ደረስኩ። ጠዋት ልጄ የረገጠችው አሸዋ የለም። ድፍርስ ውኃ ግንድ፣ በርሜልና የሰው ፍየል ይዞ እየተገለባበጠ ይወርዳል። «ገና ክፍል ውስጥ ናት» አልኩ ለራሴ። አጠገቤ የቆመ ባጃጅ ነጂ ግን ለጓደኛው «ልጆቹን እኮ ቅድም ለቀዋቸዋል፣ ወላሂ!» ሲል ሰማሁ።

ክቡር ሆይ፣ እንዴት እንደሮጥኩ አላስታውስም። በድልድዩ ዞርኩ። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ እያዞርኩ አየሁ፤ የሌላ ሰው ልጆችን አስደነገጥኩ። በርዎን ደበደብኩ። ዘበኛው በቀዳዳ አየኝና «ሁሉም ሄደዋል» አለኝ።

«የት?»

«ቤታቸው ነዋ!»

ቤታችን ከውኃው ማዶ ነበር። በዚያች ሰዓት አማርኛዬ ጠፋኝ። በአገሬ ቋንቋ እየጮህኩ ዳር ዳሩን ወረድኩ። ውኃው ላይ የሚንሳፈፈው ጨርቅ ሁሉ የእሷ መሰለኝ። እንደ ዩኒፎርሟ ሰማያዊ የሆነ ነገር አይቼ ልገባ ስል ሰዎች ከኋላ ያዙኝ። ጄሪካን ነበር።

ያገኘኋት ሃሊሞ ዘንድ ነው። ሃሊሞ ወንዙ ዳር በሸራ ጥላ ሥር ሳምቡሳ ትሸጣለች። ልጆቹ አሸዋው ውስጥ ሳሉ ድምፁን ሰምታ እየጮኸች አስወጥታቸዋለች፤ የእኔዋ ወደ ኋላ ቀርታ ስለነበር ራሷ ገብታ በቦርሳዋ ማንገቻ ጎትታ አወጣቻት። ታስኒያ የሃሊሞን ሻሽ ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች፤ አንድ እግሯ ላይ ጫማ የለም። እኔ ስወድቅባት ልጄ ከሰፈር ልጆች በለመደችው ሶማሊኛ ለሃሊሞ አንድ ነገር አለቻት። ኋላ ነው ያስተረጎምኩት። «እናቴ ናት፤ እንግዳ ስለሆነች እንዳትቆጫት» ነበር ያለቻት። ሃሊሞም «እናት ደግሞ የምን እንግዳ ናት?» ብላ ሁለታችንንም አቀፈችን።

አራተኛ፦ በማግስቱ ልጄን በነጠላ ጫማ አመጣኋት። ዘበኛዎ «ጥቁር ጫማ ካላደረገች አትገባም» ብሎ መለሳት፤ ደንብ ስላስከበሩ አመሰግናለሁ። ቢሮዎ ገብቼ አቤት ስልም «ልጅቷ ተገኝታለች አይደል? ደግሞ ለእናንተ አገር ሰው ጎርፍ ምን ብርቅ ነው?» አሉኝ። ልክ ነዎት፣ ብርቅ አይደለም። ታናሽ ወንድሜን የወሰደው ጎርፍ ነው። የምፈራው ስለማውቀው ነው።

ከዚያ ወዲህ ታስኒያ ባልዲ ሲሞላ እንኳ ጆሮዋን ትይዛለች። እኔም ደመና ባየሁ ቁጥር በርዎ ላይ እቆማለሁ። ትርንጎና ሌሎች እናቶችም መጥተው አጠገቤ ይቆማሉ። «የወላጆች በር ላይ መቆም የትምህርት ቤቱን ገጽታ ያበላሻል» የሚል ማስታወቂያ ስለለጠፉልን እናመሰግናለን፤ እሱን ደጋግሜ በማንበብ አማርኛዬ ተሻሽሏል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጎርፍ በተፈራ ጊዜ በሩን ይዝጉልን፤ ግን ልጆቹ ውስጥ ሳሉ።

ለሰጡኝ ትምህርት ዕድሜ ልኬን ባለውለታዎ፣
ሸርሚን፣ የታስኒያ እናት
ከመጋላ

ማስታወሻ፦ ይህን ስጽፍ በተራሮቹ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ወደ በርዎ እየመጣሁ ነው። «ክፈቱ» ማለትን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ተምሬያለሁ፤ የአገሬንም ቋንቋ እጨምርበታለሁ። ከአራቱ አንዱ እንደሚገባዎት ተስፋ አደርጋለሁ።