ደሴቲቱ ትስማማኝ እንደሆነ ለጠየቁኝ ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የሐይቅ ዳር መስህቦች ማስተዋወቂያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ለምታመላልስዎት መኪና ደኅንነት እየተመኘሁ፣ እኔ ከደሴትዎ ይዣት ከመጣኋት ወባ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና መሆኔን በትሕትና እገልጻለሁ።

ጽሕፈት ቤትዎ በሶዶ ከተማ የበተነው በራሪ ወረቀት «በአባያ ሐይቅ ላይ ያለችው ጸጥተኛ ደሴት ትስማማዎት ይሆን?» ብሎ ስለጠየቀ፣ በባጃጅ ጡሩምባና በሰፈሩ መዘምራን ድምፅ ማጉያ ጆሮው የደነቆረው ይህ መምህር፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መልሱን በአካል ሄዶ ሊያጣራ ወሰነ። በልማታዊ መንግሥታችን የግምገማ ባህል መሠረት ከጠንካራው ጎን ልጀምር፦ ደሴቲቱ በእርግጥ አለች። ሐይቁም ዙሪያዋን ከቧታል። ወደ ደካማው ጎን ስሻገር፦

፩ኛ. ወረቀትዎ «የሰው እግር ያልረገጣት» ይላታል። ከጀልባ ስወርድ የተቀበሉኝ ሰዎች ግን ቅድመ አያቶቻቸው ሳይቀሩ እዚያው መወለዳቸውን ነገሩኝ። ምናልባት እስከ ዛሬ የኖሩት እየበረሩ ከሆነ ጽሕፈት ቤትዎ አጣርቶ ቢያሳውቀኝ ደስ ይለኛል።

፪ኛ. «ከሩቅ የሚታይ» የተባለው ጉማሬ ያረፍኩባት ጎጆ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ሣር ሲግጥ አግኝቼዋለሁ። ወረቀቱን ስላላነበበ አልፈርድበትም።

፫ኛ. ጸጥታን በሚመለከት፣ በዚያ ደሴት ሰው ብቻውን የሚቀመጠው ሐዘን ሲደርስበት ብቻ መሆኑን ወረቀትዎ አልነገረኝም። እኔም ዛፍ ሥር ብቻዬን ስቀመጥ ያዩኝ ሰዎች፣ ዘመድ ሞቶብኝ ለመናገር ያቃተኝ መስሏቸው ቦዬ የሚሉትን የሥራ ሥር ቅቅልና ዓሣ ይዘው ሊያስተዛዝኑኝ መጡ። ማንም አልሞተብኝም ባልኩ ቁጥር እማማ ብርቄ የተባሉ አሮጊት «አይዞህ ልጄ፣ መጀመሪያ ሁሉም እንዲህ ይላል» እያሉ፣ ስሙን እንኳ ለማያውቁት ሟች እንባቸውን አፈሰሱለት። ጸጥታ ፍለጋ ሄጄ ማንም ሳይሞት ለቅሶ ተቀመጥኩ።

፬ኛ. ይህኛውን እንደ ሌላው በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ እምቢ አለኝ። ከእኛ ራቅ ብላ በምትገኝ ጎጆ ውስጥ ፈጠነች የምትባል ሴት ምጥ ጠንቶባት ነበር። ሐይቁን ነፋስ ስላናወጠው በታንኳ መሻገር አይቻልም። የጽሕፈት ቤትዎ ሞተር ጀልባ ዳር ላይ ታስራ ቆማለች፤ ሆኖም በመመሪያዎ መሠረት «ለጎብኚ ብቻ» ስለሆነች፣ ነጂው ቶማ ከሥራ እባረራለሁ ብሎ ሞተሯን ሊያስነሳ አልደፈረም። በደሴቲቱ የነበረው ጎብኚ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ሰዎቹ ግን ሐዘንተኛን በሌላ ሰው ጭንቅ ማስቸገር ነውር ነው ብለው ነገሩን ከእኔ ደብቀው ሲያጽናኑኝ ዋሉ። ያወቅሁት ጩኸቷን ስሰማ ነው። ወዲያው ጉብኝቴ አልቋል ብዬ፣ ፈጠነችንም እህቴ ናት ብዬ አሳፈርኳት፤ ቶማም እህቴ ከመቼ ወዲህ እንደሆነች አልጠየቀኝም። ማዕበሉ ሲያንገላታን እጄን ጨምድዳ ይዛ ነበር፤ እዚያው የምትሞት መስሎኝ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ከዳር በጭነት መኪና እዚሁ ሶዶ ኦቶና ሆስፒታል ደረስን፤ ሐኪሞቹም እናትንም ልጅንም አተረፉልን።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ጥያቄዎን ልመልስ። ደሴቲቱ ትስማማኛለች። የገዛ ሰዋቸው በሞትና በሕይወት መካከል እያለች የእንግዳን ሐዘን ያስቀደሙ ሰዎች ያሉበት አገር ያልተስማማው፣ ምን ሊስማማው ነው? እኔን ያልተስማማኝ መመሪያዎ ነው። ይሁን እንጂ ጀልባዋን ከሕዝብ ጠብቆ እንደ አዲስ ስላቆየልን ጽሕፈት ቤትዎን ከልብ አመሰግናለሁ።

የመልካም አስተዳደርዎ ተቋዳሽ፣ የወረቀትዎ ታማኝ አንባቢ፣ ሳይሞትበት የተለቀሰለት፣

መምህር ሚልክያስ ባዳቾ
ሶዶ፣ ነሐሴ 2002 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ እናትና ልጅ አሁን እኔ ቤት ናቸው፤ ወደ ቤታቸው ለመመለስ ጀልባዎን ይፈልጋሉ። እናትየዋ ነዋሪ ስለሆነች መመሪያው እንደማይፈቅድላት ይገባኛል። ልጅቷ ግን ኦቶና ተወልዳ ደሴቲቱን በዓይኗ አይታ ስለማታውቅ፣ ከእርሷ የበለጠ ጎብኚ በዞናችን አይገኝም። ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ትጠብቅዎታለች። አስጎብኚዋ እናቷ ናት።