ለኖና ካርታ ያነበብኩበት ክረምት

ጁላይ 22፣ ማክሰኞ

እኔ ካንዴላ፣ ዕድሜዬ ዐሥራ አምስት፣ ኮከቤ ገውዝ፣ አእምሮዬ ሙሉ (እማዬ ብትጠራጠርም)፣ በዚህ ገጽ ፊት ቆሜ እናዘዛለሁ። ዛሬ ጠዋት ልብ የወጉ ሦስት ጎራዴዎችን ወደ ፀሐይ ለውጫለሁ። ያደረግሁትም ለሁለት ሜዲያሉና ዳቦ ስል ነው። ይቅር የሚል ይበለኝ... ከምድጃ የወጡት ገና አሁን ነበር፣ ቅቤያቸው ጣት ላይ ይቀራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኖና ኢርማ፣ የእናቴ እናት፣ በየጠዋቱ ማቴዋን፣ መራራ ሻይዋን፣ እየመጠጠች አንድ ባለሥዕል የታሮት ካርታ ትመዛለች። አንድ ብቻ። ስለ ነገ አትጠይቅም። "ዕድሉን የሚፈልግ ሎተሪ ይቁረጥ" ትላለች። የእሷ ጥያቄ ሁልጊዜ ያው ነው፦ "ዛሬ ከራሴ ያላየሁት ምንድን ነው?" ከዚያ ሥዕሉን እያየች ከራሷ ጋር ታወራለች።

ችግሩ... ሥዕሉን ማየት ካቆመች ቆየች። ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል። ስለዚህ እሷ ትመዛለች፣ እኔ የወጣውን እነግራታለሁ። ማን ይቆጣጠረኛል?

"ምን ወጣ?"

"ፀሐይ።"

"እሰይ። ሥዕሉ ላይ ያለው ምን ያደርጋል?"

"ሕፃን ነው፣ ፈረስ ላይ ተቀምጧል። ሲያዩት ሜዲያሉና ያማረው ይመስላል።"

"ሂጂ ግዢለት፣ አንቺ ሆዳም።"

ጁላይ 24፣ ሐሙስ

ከሆስፒታል ተደወለ። የኖና የቀዶ ሕክምና ተራ ደረሰ። ኦገስት 13፣ መጀመሪያ ቀኝ ዓይኗ። እማዬ ከደስታ ብዛት ስልኩን ሳመችው። ኖና ማቴዋን መምጠጥ ቀጠለች።

ወሬው ጎረቤታችን ዶኛ ኤቤ ጋ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ዶኛ ኤቤ የሰፈሩ ኮከብ ቆጣሪ ናቸው። ሰማዩን ሳያዩ ፀጉራቸውን አይቆረጡም፣ ድንችም የሚቀቅሉ አይመስለኝም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ሲፈልጉ ቆዩና፣

"ኢርማ፣ ያን ቀን ጨረቃ ሐመል ውስጥ ናት" አሉ።

"ታዲያ?"

"ሐመል የሚገዛው ራስን ነዋ። ጨረቃ እዚያ ተቀምጣ ራስ በስለት አይነካም። አባቴ እንኳን ሰው፣ ዶሮ አያርዱም ነበር።"

"ዶሮዋ ኮከቧ ምን ነበር?" አልኩ።

እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። ኖና ግን ፊቷ ፈታ አለ። ሰበብ እንዳገኘ ሰው። ለምን?

እማዬ ሐኪሟ ያለችውን ደገመችላት። ሞራው እየደነደነ ነው። ይህ ተራ ካለፈ ቀጣዩ ለከርሞ ነው፣ ያኔ ደግሞ ላይሳካ ይችላል።

"ካርታዬን እጠይቃለሁ" አለች ኖና።

ካርታዋ ማለት እኔ ነኝ። እግዜር ይርዳት።

ጁላይ 25፣ ዓርብ

ኖና ሆስፒታሉ ጋ አስደውላኝ ስልኩን ወሰደች፣ ድምፁ ክፍት ነበር።

"ቀኑን ቀይሪልኝ የኔ ልጅ። ጨረቃ ሐመል ውስጥ ናት።"

ቀጠሮ ያዧ ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። ኮምፒውተሯን ስትነካካ ተሰማኝ።

"እውነትዎን ነው እማማ፣ ሐመል ናት። ሐኪሟ ግን ሰንቡላ ናት። እስክሪብቶዎቿን በቀለም በቀለማቸው የምትደረድር ዓይነት። አይስጉ።"

"አንቺስ?"

"ዐቅራብ ነኝ።"

"ምስኪን። ባልሽ ቻለሽ?"

ከዚያ ስለ ባሏ አወሩ። ብዙ። ቀኑ አልተቀየረም። በዚህች በሮዛሪዮ ከተማ ጤነኛ እኔ ብቻ ነኝ? ለነገሩ ገውዝ፣ መንታው ኮከብ፣ ስለሆንኩ ሁለት ነን።

ጁላይ 28፣ ሰኞ

የወጣው ጨረቃ ነበር። "ፀሐይ" አልኳት።

ጁላይ 29፣ ማክሰኞ

ፀሐይ።

ጁላይ 30፣ ረቡዕ

"ደግሞ ፀሐይ? ወንዙ ጉም በለበሰበት ብርድ? ይህ ካርታ ትኩሳት ይዞታል" አለች።

"ፀሐይ ማለት ብርሃን ነው፣ ኖና። ብርሃን ማለት ዓይን ነው። ዓይን ማለት..."

"ውኃው በርዷል። አሙቂልኝ።"

የፈለግሁትን ካርታ ልጥራ፣ የምትሰማው የፈለገችውን ነው።

ኦገስት 4፣ ሰኞ

ዛሬ አልዋሸሁም። ጽድቅ መስሎኝ አይደለም፣ እንቅልፌን ስላልጨረስኩ ነው። አፌ ሳያማክረኝ እውነቱን ተናገረ።

"ባሕታዊው።"

"እሺ። ምን ያደርጋል?"

"ሽማግሌ ነው። ቆሟል። ባንድ እጁ ፋኖስ፣ ባንድ እጁ ዱላ። ትከሻው ጎበጥ ብሏል።"

ማቴዋ እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ከዚያ መስኮቱ ሥር ወዳለው ወንበር በአገጯ አመለከተች። የኖኖ አቲሊዮ ወንበር። አያቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ቡናማ ጃኬቱ ግን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አልወረደም። እማዬ ልታጥበው ያነሣችው ቀን ኖና ቤቱን ቀውጢ አድርጋው ነበር። የአሮጊት ግትርነት ብዬ ስቄያለሁ።

"እዚያ ማን አለ?" አለችኝ።

"ማንም። ጃኬት ነው።"

"ላንቺ ጃኬት ነው። እኔ ከዚህ ሳየው ትከሻው ነው። ጋዜጣው ላይ ጎንበስ ሲል። ሞራው ሲወፍር እሱ እየጠራ መጣ... አሁን ዓይኔን ጠርገው ቢመልሱልኝ፣ ካንዴ፣ የማየው ወንበር ነው።"

እኔ ለሁሉ ነገር መልስ የማላጣው ሴትዮ፣ "ሜዲያሉና ልግዛልሽ?" አልኩ። ራሷን ነቀነቀች።

ስለ ጨረቃ አይደለም። ስለ ስለትም አይደለም።

ኦገስት 5፣ ማክሰኞ

ጃኬቱን መደበቅ አሰብኩ። ወዲያው አፈርኩ። ለእማዬም አልነገርኳትም። የነገረችው ለእኔ ነው... ወይስ ለባሕታዊው?

ኦገስት 7፣ ሐሙስ

ተደብቄ ለራሴ አንድ ካርታ መዘዝኩ። ጥያቄውን ከኖና ተዋስኩ። ያላየሁት ምንድን ነው?

ሞኙ ወጣ። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ውሻው እግሩ ሥር ይጮኻል። እሺ፣ ግልጽ ነው፣ እኔ ነኝ፣ አመሰግናለሁ። ቆይቼ ሳየው ግን ዓይኔ ውሻው ላይ ቀረ። ጌታው ገደል ሊገባ ነው፣ እሱ ግን ጥሎት አልሄደም። ሊመልሰው ካልቻለ አብሮት ሊሄድ ነው።

እኔ ስጮህ ነው የከረምኩት። ፀሐይ፣ ፀሐይ፣ ፀሐይ።

ኦገስት 11፣ ሰኞ

"ኖና፣ ልልበሰው?"

"ምኑን?"

"ጃኬቱን። ረቡዕ ሆስፒታል ስንሄድ። ኖኖም አብሮን ይምጣ፣ ብቻውን እዚህ ምን ይሠራል?"

"ይሰፋሻል።"

"ይስፋኝ።"

"እሱ ሆስፒታል አይወድም።"

"እኔም አልወድም። ሁለታችንም እየተነጫነጭን እንከተልሻለን።"

ፊቷን ወደ ወንበሩ መለሰች።

ኦገስት 12፣ ማክሰኞ

ዶኛ ኤቤ መጡ። ለክፉ ዓይን የሚሆን ቀይ ክር በኖና የእጅ አንጓ ላይ አሰሩ። "ጨረቃዋን አላምናትም። ሰንቡላዋን ግን አምናታለሁ" አሉና ፊታቸውን አዞሩ። መነጽራቸው ዛሬም ግንባራቸው ላይ ነበር፣ ስለዚህ እንባቸው ያለ አጥር ወረደ።

ከእራት በኋላ ኖና ተነሣች። ግድግዳውን እየዳበሰች እስከ ወንበሩ ሄደች። ጃኬቱን ራሷ አንሥታ ሰጠችኝ። እማዬ ሳህኑን ይዛ ቆማ ቀረች።

ኦገስት 13፣ ረቡዕ

ኖና ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች። እስከ በሩ ድረስ የለበስኩትን ጃኬት እጅጌ ይዛ ነበር። እኔን አይደለም፣ እጅጌውን። ሐኪሟ ስትመጣ ኖና መጀመሪያ የጠየቀቻት ልደቷን ነው። የኦገስት መጨረሻ፣ አለች ሐኪሟ፣ ሰንቡላ። ኖና ያኔ ለቀቀችው።

ስንጠብቅ እጄን ኪሱ ውስጥ ከተትኩ። የከረሜላ ወረቀት። ብዙ። ኖኖ ስኳር ተከልክሎ ነበር እኮ... ቀጣፊው።

ኦገስት 14፣ ሐሙስ

ፋሻው ተነሣ። ኖና ቀኝ ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች። እኔን አየች። ጃኬቱን አየች። ቀረብ አለች። እማዬ መሐረብ አዘጋጅታ ነበር።

"አንገትጌው ላይ ያለው ምንድን ነው? የቲማቲም ስጎ? ይህንን ለብሶ ነው ሰው ፊት የሚሄደው?"

ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ሁለቱንም ባንድ ላይ። ሐኪሟ ዓይኑን አይንኩት ብላ ተቆጣች። ሰንቡላ።

ቤት ስንገባ ወንበሩ ባዶውን ጠበቃት። በሩ ላይ ቆመች። ሄዳ ቁጭ አለችበት፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

"ከዚህ ዳቦ ቤቱ ይታያል" አለች። "ሻጯም ትታያለች።" ቆይታ፣ "ያ ሁሉ ዓመት ጋዜጣውን ገጹን የማይገልጠው ለካ..."

"ኖና፣ ሰውየው ሞቷል።"

"ቢሆንም።"

ያን ያህል ስትስቅ ከእሱ ቀብር ወዲህ አልሰማኋትም።

ኦገስት 23፣ ቅዳሜ

ጡረታ ወጥቻለሁ። ካርታዋን ራሷ ታያለች። ወንበሩ ላይ ሆና ነው አሁን የምትመዘው።

ይህን የምጽፈው ከሰገነቱ ላይ፣ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ነው። ሒሳብ እያጠናሁ ነው ተብሎ ይታመናል። ከዚህ የወጥ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ይታያል። ኖና ማቴ ልትሞላ ገብታለች፣ የዛሬ ካርታዋን እንደያዘች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምን ወጣላት? ከዚህ አይታየኝም። ደግሞ አሁን የማላየው እኔ ልሁን? የግራ ዓይኗ ተራ ኖቬምበር ነው፣ ያኔ ማን ይችላታል...

ቀና አለች። የተሰጣውን ልብስ እያየች ነው። አይደለም። እጇን ግንባሯ ላይ ጋረደች። ወፍ ይሆናል። ሁለት ዓመት እዚህ ጽፌ ማንም አላገኘኝም፣ የሚታየውም ቢበዛ ጉልበቴና የእስክሪብቶዬ ጫፍ

"ካንዴላ!"