የዋንዛችን ወፍ

ሐምሌ 4፣ ማለዳ
…ዲላ፣ ዋንዛው ላይ፣ ከመኝታ ቤታችን መስኮት ትይዩ። ወይስ ሕልም ነበር? አይደለም። ሚስቴ አስቴር ከትራሷ ቀና ብላ በእጇ ዝም አሰኝታኛለች። ባዶ እንስራ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ እንደሚል ውሃ ያለ ድምፅ። ከዚያ…

የወፍ ተመራማሪው ዶ/ር ጠራኝ።

ከሰዓት
ያው ነው፣ ደብተሬ። ዶ/ሩ የደሴቲቱን ወፎች ይተኩሳል፣ ይገፍፋል። እኔ ጥጥ እሞላለሁ፣ እግራቸው ላይ ወረቀት አስራለሁ፣ የአማርኛ ስም እጽፋለሁ። ስም የሌለው ይበዛል። ባለታንኳው ሻንቆ አጠገባችን ቁጢጥ ብሎ ይስቃል። አይበላው፣ አይሸጠው፤ ሰውዬው ወፍ ገድሎ ጥጥ ያጎርሳል ይለኛል። ሳቅሁ። ወዲያው ከፋኝ።

ዙሪያው ውሃ። የአባያ ነፋስ ከቀትር በኋላ ታንኳ አያስወጣም። ሰማዩ ሲጠራ ማዶ የዲላ ተራሮች ይታያሉ። ባይታዩ ይሻል ነበር።

ሐምሌ 7
አንድ ትንሽ ወፍ። አንገቱ ሥር ቢጫ። ወንዱ ተገኘ፤ ሴቲቱ የለችም። ከዚህ ደሴት በቀር የትም የለም ባይ ነው ዶ/ሩ። «የደሴቲቱ ብቻ» ብዬ እንድጽፍ አደረገኝ። ሴቲቱን ሳይዝ አይሄድም። እሱ ካልሄደ እኔም አልሄድም። የአውራጃው ገዥ ናቸው፣ እንግዳው እስኪጨርስ ብለው፣ ከት/ቤት አውጥተው ያዋሱኝ። እንደ መጋዝ።

ሐምሌ 8፣ ምሽት
ዛሬ ያው ወፍ ሲጮኽ ሰማነው። ጠብ፣ ጠብ። የዲላው ነው። የቤቴ።

ልጃችን ከሞተች ወዲህ አስቴር ከአልጋዋ የምትነሣው ለእሱ ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያን እኅቶች መጥተው ሲጸልዩ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ወፉ ሲጮኽ ግን ትነሣለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ ትታጠባለች። ከዋንዛው ሥር የእንሰት ቅጠል ስቆርጥ፣ እንዳታስደነግጥብኝ ብላ ተቆጥታኛለች። ደስ ብሎኝ ነበር። ተቆጣች!

ለዶ/ሩ ብናገር ነገውኑ ወደ ዲላ ነን። ከነጠመንጃው።
ዝም ብል፣ እዚሁ። እስከ መቼ? እሷንስ ማን እህል ያቀምሳታል?

ሐምሌ 11
ዝናብ። ድንኳኑ ያፈሳል። ዶ/ሩ ደግ ሰው ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ሻይ ያፈላልኛል፣ ስለ ሚስቴ ይጠይቀኛል። ደኅና ናት እላለሁ።

ሻንቆ ማዶ ገበያ ደርሶ መጣ። የዲላ ሰው አግኝቷል። «መምህር፣ ሚስትህ በር አይከፍትም አሉ። ምን አደረግከው?» ሴትና ወንድ ሲቀላቅል ሌላ ጊዜ ያስቀኛል። ፊቴን አይቶ ቀልዱን ተወ።

ሐምሌ 12፣ ማለዳ
ተናገርኩ። ወፉ ቤቴ አለ፣ አልኩት። ዶ/ሩ ብዕሩን አነሣ። ከዚያ «የደሴቲቱ ብቻ» የሚለውን በገዛ እጁ ሰረዘ። ሐቀኛ ነው። ጠመንጃውን መወልወል ጀመረ።

ነፋስ ሳይነሣ ተሳፈርን። ለራሴ የምለው፦ ወፉ በክረምት ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ አይገኝም። ቢገኝም ዶ/ሩ ተኩሶ ይስተዋል። ዋናው እኔ ቤት መግባቴ ነው። ዋናው እሱ ነው።

ሐምሌ 13፣ ዲላ
ግቢዬ። ጭቃ። ዶ/ሩ ከኋላዬ፣ ጠመንጃው ትከሻው ላይ። ዋንዛው እንዳለ ነው። ጠብ፣ ጠብ። አንድ ብቻም አይደለም፤ ሌላዋ ትመልስለታለች።

ተጣራሁ። አስቴር ከፈተች! ከስታለች። ፊቷ ታጥቧል። ፈገግ ልትል ነበር መሰለኝ። እኔን አየች። ከኋላዬ አየች። ዋንዛውን አየች። ዶ/ሩ ባርኔጣውን አነሣላት።

ይህን የምጽፈው ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነው። አልጮኸችም። ሕፃን የተኛበት ቤት እንደሚዘጋ፣ ቀስ አድርጋ በሩን ዘጋችው።