ጀርባ የሌለው ካፖርት

ውድ ምድጃው፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ከነብርዴ አለሁ። ልጅህ ቤት፣ ባሕሩ ዳር፣ በካናቴራ እንደምትውል ሰማሁ። ደስ ብሎኛል ልልህ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ቅናት አቃጠለኝ፤ እሱም ቢሆን አላሞቀኝም።

የዳክዬ አደን ዘንድሮም ተከፍቷል። ሐይቁ ዳር ሸምበቆው ውስጥ ያስቀመጥናት የዱቄት ሳጥንህ እዚያው አለች። አንተ ወደ ውሃው፣ እኔ ወደ ዛፎቹ ዞረን፣ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈን የምንቀመጥባት። ዕድሜ ልክህን ዳቦ ስትጋግር እሳቱ ጀርባህ ውስጥ ቀርቷል ብዬ "ምድጃው" ያልኩህ እዚያች ሳጥን ላይ ነው። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ያሞቀኝ የሰፋሁት ልብስ አልነበረም።

አንተ ከሄድክ በኋላ መጀመሪያ በጥጥ የተሞላ ካፖርት ሰፋሁ። ባለቤቴ አየችኝና፣ "ይሄ ካፖርት ነው ፍራሽ?" አለችኝ። ከቤት ለብሼው ወጣሁ፤ ዳገቱን ስጨርስ ላብ በላብ ሆኛለሁ። "ተሸክመኸው ውጣ፣ ስትቀመጥ ልበሰው" አንተ ትለኝ የነበረው ትዝ ያለኝ ላቡ ጀርባዬ ላይ መቀዝቀዝ ሲጀምር ነው። ዳክዬዎቹ ሲመጡ ደግሞ ክንዴ አልታጠፍ አለ። እንደ ወፍ ማስፈራሪያ እጄን ዘርግቼ ሸኘኋቸው።

ቀጥሎ የሙቅ ውሃ መያዣ ላስቲክ ጀርባዬ ላይ በቀበቶ አሰርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ለጥቂት ጊዜ አንተን አስረስቶኝ ነበር። ጎንበስ ስል ክዳኑ ተከፈተና ውሃው እስከ ካልሲዬ ወረደ። ሱሪዬ በረዶ ሆኖ እንደ ጣውላ እየተንቋቋ ስመለስ የሐይቁ ጠባቂ አየኝ። የላስቲኩ ውሃ ነው ብል ማን ይመነኝ!

ከዚያ ስጋ ሻጩን ጎረቤታችንን ይዤ ሄድኩ፤ ጀርባው ሰፊ ነው ብዬ። ቀኑን ሙሉ ስጋ ማቀዝቀዣ ክፍል ሲገባ ሲወጣ የሚውል ሰው መሆኑን ዘንግቼ! ያለችኝን ሙቀት መጦ ጨረሰልኝ። ጭራሽ፣ "አንተ ሰውዬ እንዴት ትሞቃለህ! በየቀኑ እንምጣ እንጂ!" አለኝ።

ሳል ይዞኝ ስተኛ ባለቤቴ ቁርጡን ነገረችኝ። "ወይ ምድጃውን አምጣው፣ ወይ ጠመንጃውን ለስጋ ሻጩ ስጠው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ባል ሳሞቅ አልኖርም።" እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጥታኛለች።

ትዝ ይልሃል፣ ዳክዬ ባየህ ቁጥር ሳትነግረኝ ብድግ ትል ነበር፤ እኔ በጀርባዬ ጭቃው ላይ እዘረጋለሁ። አንተ ትስቃለህ፣ ዳክዬዎቹ ይበርራሉ፣ እኔም እየተሳደብኩ እስቃለሁ። ዳቦ ቤቱን ዘግተህ የሄድክ ጊዜ ግን አልሳቅኩም። መሄድህን ማንም አልነገረኝም፤ ዳቦ ልገዛ መጥቼ የተዘጋውን በር እንደ ሞኝ ሳንኳኳ ቆየሁ። ስንብት እንደማትወድ ልጅህ ነግራኛለች። ይሁን። ግን ከፍቶኛል፤ ናፍቀኸኛልም።

ስለዚህ አዲስ ካፖርት ሰፋሁ። ሁለት አንገትጌና አራት እጅጌ አለው፤ ጀርባ የለውም። በአንዱ በኩል እኔ፣ በሌላው በኩል አንተ ትገባለህ፤ ጀርባችን መሐል ላይ ይገናኛል። ያንተን ልክ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እዚያ ወፍረህ ከሆነም አሰፋዋለሁ። ከባለቤቴ ጋር ስንለካው ስልክ ጮኸና እሷ ወደ ስልኩ ስትሮጥ እኔ የኋሊት ተጎተትኩ። የደወለችው እህቷ ነበረች፤ "አጠገብሽ የሚያለከልከው ማነው?" አለቻት።

ና። ዳገቱን ካፖርቱን ተሸክሜ የምወጣው እኔ ነኝ፤ አንተ ትኩስ ዳቦ ብቻ ያዝ። ተመልሰህ እንደምትሄድ አውቃለሁ፤ ልጅህ አለች፣ ባሕሩም አለ። ካፖርቱ ውስጥ ሳለህ ግን ሳትነግረኝ መነሳት አትችልም።

ጀርባው የበረደው ወዳጅህ፣
ልብስ ሰፊው