አንድ ማንኪያ ውሃ

ረቡዕ፣ ኅዳር 3፣ ደብረ ታቦር

ዛሬ ከእብናት የመጡትን መሪጌታን ለጥቂት ገድያቸው ነበር። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ አንደበታቸው ተይዟል። የንግግርና የመዋጥ ሕክምና ሁለተኛ ዲግሪዬን ልጨርስ አንድ ወር ቀርቶኛል፤ አውቃለሁ ብዬ፣ መዋጥ መቻላቸውን ለማየት ሐኪሙን ሳላማክር ብቻዬን አንድ ማንኪያ ውሃ ሰጠኋቸው። ትን አላቸው። ከንፈራቸው ጠቆረ። ደግፌ ወደ ፊት አጎነበስኳቸው፤ ብዙ ስለው ትንፋሻቸው ተመለሰ።

ወዲያው ለሐኪሙ ተናገርኩ።

“ውሃው ሳንባቸው ገብቶ ከሆነ ትኩሳት ይነሳባቸዋል” አለኝ። “እስከ ነገ እንከታተላቸው።”

ባለቤታቸው ግን ጉንጬን ዳበስ አድርገው፣ “አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር በአንቺ እጅ አፋቸውን ይፈታልኛል” አሉኝ።

ጥፋቱ የኔ መሆኑን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ግን “አሜን” ብቻ ብዬ ወጣሁ። ነገ ጠዋት የመሪጌታን ግንባር ለመንካት ፈራሁ።