ለስላሳዋ ጥይት

የካቲት 1፣ ልደታ

ዛሬ የድንቁ አባት ማርያምን ተሳልመው ጥይት ወደምሸጥበት ሱቅ መጡ። ድንቁ አምና ጎሽ አደን ላይ የሞተው፣ ለአንድ አዳኝ ደንበኛዬ ዱካ ይከተል የነበረው ልጃቸው ነው። ከጎሹ ትከሻ የወጣችውን ጥይት በመሐረብ ቋጥረው ይዘዋል። ጫፏ እንደ አበባ ተከፍቷል።

«ልጄ፣ ይሄ አንተ የምታውቀው ነገር ነው። ይቺ ተበላሽታ ነው ወይስ አሠራሯ ነው?»

አሠራሯ ነው። ለስላሳዋ ጥይት ገላ ስታገኝ ትከፈታለች፤ የጎሽ ትከሻ አጥንት ካጋጠማት ግን ልብ ሳትደርስ ትቀራለች። ጫፏ የማይከፈተው ድፍኗ ትደርስ ነበር። አምና አዳኙ የቱን ልያዝ ሲለኝ ለስላሳዋን ያልኩት እኔ ነኝ። ድፍኗ በስታ ወጥታ ከኋላ ያለውን ሌላ ጎሽ ታቆስላለች ብዬ ነው። ምክንያቱ ዛሬም ትክክል ነው። የቆሰለው ጎሽ ግን ቁጥቋጦ ውስጥ ቆሞ ድንቁን ጠበቀው።

«ተበላሽታ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

«እንግዲያው የሰው ጥፋት የለበትም» አሉ። መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ጥይቷን ትተውልኝ ሄዱ። እናቱ ቤት ውስጥ እንድታያት አይፈልጉም።

ከሰዓት በኋላ አዳኙ ደወለ። ሰኞ ለጎሽ ይወጣል።

«ዘንድሮስ የቱን ልያዝ?»

መልሼ እደውላለሁ አልኩት። እስካሁን አልደወልኩም። ጥይቷ ጠረጴዛዬ ላይ ናት።